በደብረ ብርሃን ለሚሸጠው የሳሎን ፈርን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

ከክረምት መውጫ ጀምሮ በከተማችን መንገድ ዳር «በችግኝ ጣቢያ ያደገ» እየተባለ በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ፈርን የተባለ ቅጠለ ብዙ የቤት ውስጥ ተክል ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ እንድትጠነቀቁ አሳስባለሁ። እኔና ጎረቤቶቼ ከአንድ ሻጭ የገዛናቸውን ከላስቲኩ አውጥተን ስናያቸው፣ ሥራቸው ተበጣጥሶ በመረሬ አፈር ተጠቅጥቆ ነበር፤ ከጫካ ተነቅለው የመጡ እንጂ በችግኝ ጣቢያ የደረሱ አይመስሉም።

ማታለሉ ቶሎ የማይነቃው በወቅቱ ምክንያት ነው። በመስከረም መጀመሪያ አየሩ ገና እርጥብ ስለሆነ ቅጠሉ ለምልሞ ይቆያል። ጥቅምትና ኅዳር ሲገቡ ግን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ከተማችን ደረቁ ነፋስና የሌሊቱ ውርጭ ስለሚበረቱ፣ እንደ ጣርማ በር ተራራ ያለ ጭጋግ የለመደና ሥሩ የተጎዳ ተክል ከቅጠሉ የሚተነውን ውሃ መተካት አቅቶት ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። ሻጩም ጥፋቱን «ውሃ አብዝታችሁበት ነው» ብሎ ወደ ገዢው ያዞራል።

ከዚህ የከፋው ቀጥሎ የሚመጣው፣ በቅጠሉ ላይ ለሚታየው ነጠብጣብ ይረጭ የሚባለው «መድኃኒት» ነው። ከቅጠሉ ጀርባ በረድፍ የተደረደሩት ቡናማ ነጠብጣቦች ፈርን የሚራባባቸው፣ ስፖር የሚባሉ ዱቄት መሰል ቅንጣቶች የሚገኙባቸው እንጂ በሽታ አይደሉም፤ ስለዚህ ምንም ሊረጭባቸው አይገባም። ነጠብጣቡ ያለ ሥርዓት ተበታትኖ በጥፍር ሲጫር የሚነሣና ቅጠሉን የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ተባይ ሊሆን ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ፈርን አበባም ዘርም የለውም፤ «የፈርን ዘር» በፓኬት የሚያቀርብላችሁ ሰው ምን እየሸጠ እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ስትገዙ ግንዱን ሥሩ አካባቢ ይዛችሁ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት። ሥሩ አፈሩን አቅፎ ካልያዘ፣ ከመሐሉም ተጠቅልሎ የሚወጣ አዲስ ቅጠል ከሌለ ተዉት። አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ የደረቀውን ቅጠል ቆርጣችሁ፣ ከታች ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ብስባሽና ጥቂት አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር አዛውሩት። የቀጥታ ፀሐይ፣ የበር ነፋስና የከሰል ምድጃ የማያገኙት ቦታ ይስማማዋል፤ አፈሩም ውሃ ሳያቁር ምንጊዜም እርጥብ መሆን አለበት።

ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል። ስለዚህ ተክሉ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ፤ እኛ የጠየቅነው ሻጭ ደረሰኝ የለኝም ብሎናል።