ተከራያችን ሳይነግረን ሲጠፋ ከክስ ላዳነችን ጠበቃ

አንዲት ጠበቃን በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፈውም። ሥራዋን ግን መናገር አለብኝ፤ ተከራይ ድንገት የጠፋበት አከራይ ከዘመድ ከወዳጅ ቀድሞ የሚደርሰው ምክር ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያስከስሰው ነውና።

የእናቴን ቤት የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ተከራያችን ኪራዩን በወቅቱ የሚከፍል ሰው ነበር። በኋላ ክፍያው ቆመ፣ ስልኩ አልሠራ አለ፣ ጎረቤቶችም ማታ ዕቃ ሲጫን ሰምተናል አሉ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲመክር የሁሉም ሐሳብ አንድ ሆነ፦ በሩን ከፍታችሁ ቁልፉን ቀይሩ፣ የተረፈውን ዕቃ ለዕዳው ያዙት። እናቴም ወደዚያው አዘነበለች። የመድኃኒቷ ወጪ የሚሸፈነው በዚሁ ኪራይ ስለሆነ አልፈርድባትም።

ጠበቃዋ ውሉን እስከ መጨረሻው አነበበችና "ለመልቀቁ ምን ማስረጃ አላችሁ?" ስትል ጠየቀች። ኪራይ አለመክፈል አንድ ነገር ነው፣ ቤት መልቀቅ ሌላ። ሰው ታሞ ሊተኛ፣ ሊታሰር፣ ሐዘን ገጥሞት ሩቅ ሊሄድ ይችላል። ውሉ በሕጉ አግባብ እስካልተቋረጠ ድረስ ቤቱ የእናቴ ቢሆንም በቤቱ የመጠቀም መብቱ የተከራዩ ነው። "እማማ፣ እርስዎ አሁን ገንዘብ የሚጠይቁ ሰው ነዎት። በሩን ከሰበሩ ግን ገንዘብ የሚጠየቁ ሰው ይሆናሉ" አለቻት። እናቴ ከዚያ በኋላ ስለ ቁልፉ አላነሳችም።

መጀመሪያ ያደረገችው ማስጠንቀቂያ መጻፍ ነው። ደብዳቤው ስድብም ዛቻም የለበትም። ያልተከፈለውን ኪራይ ከነወሩ ይዘረዝራል፤ ከዚያ "ቤቱን ለቀው ከሆነ ቁልፉን ያስረክቡ፤ ካልለቀቁ ይህንኑ በጽሑፍ ያሳውቁን፤ እስከተጠቀሰው ቀን ምላሽ ካልሰጡ እንደለቀቁ ቆጥረን ቤቱን በምስክሮች ፊት እንረከባለን" ይላል። አንዱን ቅጂ በሩ ላይ ለጠፍን፣ አንዱን በውሉ ላይ ወዳለው አድራሻ ላክን፣ አንዱን ውሉ ሲፈረም ለተከራዩ ዋስ ለሆነው ሰው አስፈርመን ሰጠን፣ በስልኩም ፎቶ አንስተን ላክንለት። እኛ በራሳችን ልንረከብ የቻልነው ውላችን ስለዚሁ ጉዳይ አንቀጽ ስላለውና የምንገዛበት ሕግም ስለሚፈቅድ ነው። ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ በር የማይነካበት ብዙ ቦታ አለና የእኛን አይታችሁ እንዳትከፍቱ።

ቀኑ አልፎ መልስ ሲጠፋ ቤቱ ሲከፈት ራሷ መጣች። ከቤተሰብ ውጪ የሆኑ ምስክሮች አስቆመች። ከደጃፉ ጀምራ ሳታቋርጥ ቪዲዮ ቀረጸች፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ጮክ ብላ እያነበበች አስመዘገበች። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የትምህርት ማስረጃዎች የያዘ ፋይልና የልጅ የክትባት ካርድ ተገኘ። ወንድሜ "ይህማ ወረቀት ነው" ብሎ ሊያልፈው ሲል አስቆመችው። እያንዳንዱን በዝርዝር ጽፋ ካርቶን ውስጥ አስገባችው፣ በፕላስተር አሸገችው፣ በማሸጊያው ላይ ምስክሮቹን አስፈረመች። የተረፈ ዕቃ የአከራዩ አይሆንም፤ ጠብቆ ማቆየትና ለባለቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ መሸጥ ካስፈለገም ሕጉ ባስቀመጠው ሥርዓት ብቻ ነው። ያቺን የክትባት ካርድ እንደዚያ በጥንቃቄ ስትይዛት ሳይ፣ ለከፈላት ወገን ብቻ የማትሠራ ሰው መሆኗ ገባኝ።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ እናቴ እስከ ውሉ ማብቂያ ያለውን ኪራይ ሁሉ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር። ጠበቃዋ ግን አስረዳቻት፦ ተከራይ ሳይናገር ስለሄደ ብቻ ከውሉ ነጻ አይወጣም፤ ውዝፉን፣ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ኪራይና ያደረሰውን ጉዳት ይጠየቃል። አከራዩ ግን ቤቱን ዘግቶ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲያበዛ ብዙ ሕጎች አይፈቅዱለትም፤ አዲስ ተከራይ በቅንነት መፈለግ አለበት፤ ሲገኝም ቆጠራው ይቆማል። ስለዚህ ማስታወቂያ ያወጣንበትን ቀንና ቤቱን ሊያዩ የመጡትን ሰዎች መዝግበን እንድንይዝ አደረገችን።

ተከራዩ ለዕዳና ለጉዳት መያዣ እንዲሆን አስቀድሞ በሰጠን የማስያዣ ገንዘብ ላይም ጥብቅ ነበረች። በጊዜ ብዛት የደበዘዘ ቀለም በተከራይ አይቆጠርም ብላ ሰረዘችው፤ የተሰበረውን የእጅ መታጠቢያ ግን ከጥገናው ደረሰኝ ጋር አስገባችው። የተቀነሰው ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ ለዋሱ ደረሰው። ውጭ አገር ሆናችሁ ቤት ለምታከራዩ፦ የማስያዣ መመለሻ ቀነ ገደብ በየቦታው ይለያያል፤ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ 21 ቀን፣ በኒውዮርክ 14 ቀን ነው። ተከራዩ ሳይናገር መሄዱ ይህን ግዴታ አያስቀርም።

ማስያዣው ዕዳውን ስላልሸፈነው እኛ ለክስ ተነሳን። እሷ ግን የክሱን ወጪ ከቀሪው ዕዳ ጋር አስተያይታ አሳየችንና "ይህን ክስ ባስከፍታችሁ የምጠቀመው እኔ ነኝ" አለችን። የራሷን ገቢ የሚያስቀር ምክር ነው! በምትኩ የዋስትናውን ጽሑፍ አወጣች። ዋሱ የፈረመው ለኪራዩም ለጉዳቱም መሆኑን አረጋግጣ አነጋገረችው። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ ቪዲዮውንና ደረሰኞቹን ሲያይ ግን ሰከነ፣ ቀሪውን በየወሩ ከፋፍሎ ሊከፍል በጽሑፍ ተስማማ። እስካሁን አላጓደለም። የታሸገውንም ካርቶን ለቤተሰቡ ሊያደርስ ፈርሞ ተረከበ። እኛም ከፍርድ ቤት ደጅ ሳንደርስ ቤቱን አከራየን።

ጠበቃችን፣ ለእናቴ እንቅልፏን መልሰሽላታል። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

የእሷን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ውሉን፣ የዋስትናውን ወረቀት፣ ቤቱን ስታስረክቡ ያነሳችሁትን ፎቶ፣ የክፍያ ደረሰኞችን፣ ከተከራዩ ጋር የተላላካችሁትንም መልእክት አንድም ሳትሰርዙ ይዛችሁ ሂዱ። በሩን ግን ሳታነጋግሯት አትንኩት።