የኮሌስትሮል ወይስ የትራይግሊሰራይድ መድኃኒት? ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ ገዢዎች

ደሴ ፒያሳ ፋርማሲ ገብተው «የኮሌስትሮል ስጡኝ» ቢሉ መልሱ አንድ ክኒን አይደለም። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁሉ ሥራቸው ይለያያል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት የላብራቶሪ ወረቀቱን ያውጡና ሁለት መስመር ይፈልጉ፤ ኤልዲኤል (LDL፣ «መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል) እና ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለ ሌላ የስብ ዓይነት)። የትኛው ነው ከፍ ያለው? ምርጫው የሚለየው እዚህ ጋ ነው። ማዘዣው የሐኪም ነው፤ ነገር ግን የሚገዙትን አውቀው ይግዙ።

ኤልዲኤል ከሆነ መጀመሪያ የሚታሰበው ስታቲን ነው። ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ይገታል፤ ጉበትም ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ እየሳበ ያወጣል። የልብ ሕመምንና ስትሮክን በመቀነስ ከሁሉም በላይ የተመሰከረለት ይኸው ነው።

ከስታቲኖቹ ሦስቱን እናስተያይ፦ ሲምቫስታቲን፣ አቶርቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን። አንድ አዛውንት ሁለት ፓኬት ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው «ይሄኛው 20 ነው፣ ያኛው 10፤ 20ው አይሻልም እንዴ ልጄ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። አይሻልም። ሮሱቫስታቲን 10 ሚ.ግ.፣ አቶርቫስታቲን 20 ሚ.ግ. እና ሲምቫስታቲን 40 ሚ.ግ. ኤልዲኤልን የሚቀንሱት በተቀራራቢ መጠን፣ 40 በመቶ ገደማ ነው። በሚሊግራም ቁጥር የተለያዩ መድኃኒቶችን ማወዳደር ያሳስታል።

ሲምቫስታቲን ማታ ማታ ነው የሚወሰደው። ሌሎቹ ሁለቱ በፈለጉት ሰዓት ይሆናሉ፤ ሰዓቱ ግን በየቀኑ አንድ ይሁን። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ፣ በጾም ደግሞ ከማታው እራት ጋር ማድረግ ይቻላል። የሲምቫስታቲን ትልቁ ችግር ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ከ20 ሚ.ግ. በላይ ሲምቫስታቲን መውሰድ የለበትም። ለጨጓራ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን የታዘዘለት ደግሞ ሲምቫስታቲኑን ለጊዜው ማቆም አለበት፤ አብረው ከተወሰዱ ጡንቻን ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ። እኛ አገር የግፊትና የጨጓራ ክኒን የማይገባበት ቤት ስንት ነው? ለዚህ ነው ለአብዛኛው ሰው አቶርቫስታቲንን የምመርጠው። ኩላሊቱ ለደከመም መጠኑን መቀነስ አያስፈልግም። ሮሱቫስታቲን በሚሊግራም ሲታይ ጠንካራው ነው፤ ከባድ የኩላሊት ችግር ካለ ግን በትንሽ መጠን ብቻ ነው የሚታዘዘው።

ስታቲኑ ካልበቃስ? መጠኑን እጥፍ ማድረግ ኤልዲኤልን የሚቀንሰው በ6 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ብቻ ነው። ኢዜቲማይብ የሚባለው ክኒን 10 ሚ.ግ. ቢደረብበት ግን ከ18 እስከ 20 በመቶ ተጨማሪ ይቀንሳል። ኮሌስትሮል ከአንጀት እንዳይገባ ስለሚከለክል መንገዱ ሌላ ነው። ኢቮሎኩማብና አሊሮኩማብ የሚባሉት መርፌዎች እስከ 60 በመቶ ይቀንሳሉ፤ ዋጋቸው ግን የማይቀመስ ነው።

አሁን ወደ ትራይግሊሰራይድ። ከ150 እስከ 499 ሚ.ግ./ዴ.ሊ. (mg/dL) ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ስታቲንና ምክንያቱን ማከም ነው፦ ያልተስተካከለ ስኳር፣ አረቄና ቢራ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ጣፋጭ ማብዛት። 500 ካለፈ ግን ቆሽት ሊቆጣ ይችላል፤ ይህ ሆስፒታል የሚያስተኛ ሕመም ነው። ፋይብሬት የሚባሉት እዚህ ነው ቦታቸው። ትራይግሊሰራይድን ከ20 እስከ 50 በመቶ ያወርዳሉ።

ከፋይብሬቶቹ ጀምፋይብሮዚል በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወሰዳል። ፌኖፋይብሬት በቀን አንዴ ይበቃዋል። ስታቲን የሚወስዱ ከሆነ ጀምፋይብሮዚልን አይደርቡ፤ ጡንቻ ሊያፈርስ፣ ኩላሊት ሊያበላሽ ይችላል። ሐኪሙ ሁለቱንም ከፈለገ ፌኖፋይብሬቱ ይሻላል። ሁለት ቦታ የሚታከሙ፣ ለምሳሌ አንዱን ደሴ ሌላውን ኮምቦልቻ የታዘዘላችሁ፣ እባካችሁ ሁሉንም ክኒን በፌስታል ይዛችሁ ለፋርማሲስቱ አሳዩ።

የዓሣ ዘይት እንክብል ብዙ ሰው ይጠይቃል። ለትራይግሊሰራይድ በሐኪም የሚታዘዘው ኦሜጋ 3 በቀን 4 ግራም ነው። ተራው ባለ 1000 ሚ.ግ. እንክብል በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 አብዛኛውን ጊዜ 300 ሚ.ግ. ገደማ ነው። ልዩነቱን አስሉት። የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣም ጥሩ ምግብ ነው፤ ኦሜጋ 3ው ግን ትንሽ ስለሆነ መድኃኒት አይተካም። ኒያሲንን (ቫይታሚን ቢ3) ይተዉት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2014 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ስታቲን ላይ ሲደረብ ለልብ ጥቅም እንደሌለው አሳይተዋል።

ሲገዙ የአንድ ፍሬ ሳይሆን የወሩን ዋጋ ይጠይቁ፤ በየወሩ የሚያገኙትን ይምረጡ። ጥራቱ የተረጋገጠ ጄኔሪክ (በመድኃኒቱ ስም እንጂ በንግድ ስም የማይሸጠው) ከስመ ጥሩ ፓኬት አያንስም። ምንም ስለማያምዎት ብቻ አያቋርጡ፤ ኮሌስትሮል አያምም፣ ጉዳቱ ግን ውስጥ ውስጡን ነው። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ካሰቡ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ጡንቻዎ በጣም ከታመመና ሽንትዎ ከጠቆረ ክኒኑን ትተው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ደህና ከሆኑ ደግሞ ከጀመሩ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ድጋሚ ይመርመሩ፤ ትራይግሊሰራይዱ በትክክል እንዲታይ ሌሊቱን ሳይበሉ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ።