ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ለፕሮጀክት ማናጀር ኢንተርቪው የምትዘጋጁ ይህን አንብቡልኝ

ትናንት የቅጥር ደብዳቤዬን ተቀበልኩ። ፕሮጀክት ማናጀር ሆኛለሁ! መጀመሪያ ለእናቴ ደወልኩ፣ ቀጥሎ ለኢንተርቪው ላዘጋጁኝ ሰው። ጋሼ ነው የምላቸው። ስልኩ ላይ ለቅሶ ቀድሞኝ በቅጡ ሳላመሰግናቸው ስለተዘጋ እዚህ እጽፈዋለሁ።

እሳቸውን ከማግኘቴ በፊት አራት ቦታ ተጠይቄ አራቱም ቦታ ወድቄያለሁ። አንደኛው ጋ ከጠያቂዎቹ አንዱ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ "እናሳውቅሻለን" አለኝ። እስከ ዛሬ ያሳወቀኝ የለም። ከዚያ ገንዘቤን ከፍዬ አሠልጣኝ ያዝኩ፤ የሰጠኝ መቶ ጥያቄ ከነመልሱ የታጨቀበት ፋይል ነው፣ "ሸምድጂው" ብሎ። ሌላዋ ደግሞ ያልመራሁትን ፕሮጀክት መርቻለሁ ብዬ ሲቪዬ ላይ እንድጽፍ መከረችኝ። ስም አልጠራም፣ ግን ያ ገንዘብና ያ ጊዜ አሁንም ያንገበግበኛል። በራሴም ፒኤምቦክ የሚባለውን የፕሮጀክት አመራር መመሪያ መጽሐፍ ስድስተኛ እትም 49 ፕሮሰሶች (የሥራ ሂደቶች) አንድ በአንድ በቃሌ ይዤ ነበር። ስንት ሌሊት! የትም ቦታ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ጋሼ ዕድሜያቸውን በፕሮጀክት ሥራ ያሳለፉ፣ ራሳቸውም ብዙ ሰው ጠይቀው የቀጠሩ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ፋይሌን ገልጠው እንኳ አላዩትም። "የመራሽውን አንድ ሥራ ንገሪኝ" አሉኝ። ነገርኳቸው፦ ዕቅድ አወጣን፣ ችግር ገጠመን፣ ተነጋገርን፣ ጨረስን። እስከ መጨረሻው አዳምጠው "ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን አንቺ የት ነበርሽ?" አሉኝ።

ዝም አልኩ። አልቸኮሉብኝም። "እኔ" እያሉ ማውራት ጉራ ነው ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ለካ በአራቱም ኢንተርቪው ራሴን ደብቄ ነው የወጣሁት። ቀስ ብዬ ጀመርኩ። አቅራቢው ዕቃ ሲያዘገይ የደወልኩት እኔ ነኝ። ዕቃውን የማይፈልገው ክፍል ቀድሞ ይጀመር ያልኩት እኔ ነኝ። የማጠናቀቂያው ቀን እንደሚያልፍ፣ ቀኑ ሳይደርስ ለአለቃዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። "በይ፣ የሚፈልጓት ይህችን ናት" አሉኝ። ያቺን ቀን አልረሳትም።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ታሪኬን በሁለት ደቂቃ እንድናገር አለማመዱኝ፦ ምን ተፈጠረ፣ የእኔ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረግሁ፣ ውጤቱስ? ያልተሳካልኝን ፕሮጀክት ሳይቀር፤ ስለ እሱ አይቀርም ይጠይቁሻል ብለውኝ ነበር። የበጀት ቀመሮቹ እስከ ዛሬ አልገቡኝም። እሳቸው ግን የወጪ አፈጻጸሙ ቁጥር ከ1 በታች ከወረደ ለተሠራው ሥራ ከታሰበው በላይ ወጥቷል ማለት ነው፣ ለምን እንደወረደና ምን እንደምታደርጊ ተናገሪ አሉኝ። በቃ፣ ይህቺው በቃችኝ።

ከኢንተርቪው በፊት በነበረው ማታ ፍርሃት ሲይዘኝ ሦስት ሰዓት ላይ ደወልኩላቸው። ሙሉ አንድ ሰዓት አብረውኝ ተለማመዱ። ልከፍል ስል "የዛሬዋ ክፍያ የላትም፣ ተኚ" አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው አለ?

በማግስቱ ሦስት ሰዎች ጠየቁኝ። "ደንበኛው መሃል ላይ ተጨማሪ ሥራ ቢጠይቅሽስ?" አሉኝ። ድሮ ቢሆን "እሺ እለዋለሁ" ብዬ እቸኩል ነበር። አሁን ግን ጥያቄውን በጽሑፍ እንደምቀበል፣ በጊዜው፣ በወጪውና በጥራቱ ላይ የሚያመጣውን ለይቼ የመወሰን ሥልጣን ላለው ሰው እንደማቀርብ፣ ሳይጸድቅ ቡድኑን እንደማላስጀምር ተናገርኩ። እንዲህ ያደረግሁበትንም ጊዜ ጨመርኩላቸው። መሃል ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝና መጻፍ ጀመረች። "አንቺስ ጥያቄ አለሽ?" ሲሉኝ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ከእኔ ምን እንደሚጠብቁ ጠየቅኋቸው። ይህንንም ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው።

እባካችሁ፣ በሽምደዳ የምትደክሙ ሁሉ ወደ እሳቸው ሂዱ። እውነቴን ነው፣ ሂዱ! ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለነገሩኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ጊዜ የሚይዙት ጥቂት ሰው ነው። የኢንተርቪው ቀን እስኪነገራችሁ አትጠብቁ፣ ማመልከቻ ባስገባችሁ ዕለት ጻፉልኝ።