ተጠንቀቁ፦ አረንጓዴ መብራት ያለው ሁሉ ሰርጅ ፕሮቴክተር አይደለም

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። ቤታችሁ ኮምፒውተር ካለ፣ በተለይ እንጀራችሁ ከሆነ፣ መርካቶ ገብታችሁ «ሰርጅ ፕሮቴክተር»፣ ማለትም ዕቃን ድንገት ከሚጨምር ኮረንቲ ይጠብቃል የሚባለውን ነጭ ዲቫይደር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። «ኦርጅናል ነው፣ ከዱባይ የመጣ ነው፣ ለአንቺ ብዬ ነው የኔ እህት» የሚለው ነው። ሶኬት ላይ ይሰካዋል፣ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች። «አየሽ? ይህቺ እስከበራች ድረስ ኮምፒውተርሽ ሰላም ነው። ኃይል ሲጨምር ራሱ ይቆርጠዋል» ይላል። ዋጋው ከተራው ዲቫይደር ሦስት እጥፍ ነው። የአንድ ዓመት ዋስትና ደረሰኙ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ ሰጠኝ።

እኔ ቤቴ ሆኜ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ነው የምተይበው። መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዴት እንደሚመለስ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ከትናንት ወዲያ ማታ ሄደ፣ መጣ፣ ከኮምፒውተሩ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ወጣ፣ ቤቱ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ታጠነ። ፓወር ሰፕላዩም ማዘርቦርዱም ሄዱ። ሃርድ ዲስኩ እስካሁን አልነበብ ብሏል። አረንጓዴዋ መብራት ግን ቁልጭ ብላ እየበራች ነበር።

ኮምፒውተር የሚጠግነው የሰፈራችን ልጅ ዲቫይደሩን ፈታው። ውስጡ የናስ ዘንጎች፣ ሽቦና አንዲት ትንሽ መብራት ብቻ። የመሬት መስመሩ ብረት ከምንም ጋር አልተገናኘም። እውነተኛው ውስጥ ቫሪስተር የሚባል ጠፍጣፋ ክብ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። 220 ቮልት ላይ ዝም ይላል። ድንገት ሲጨምር ትርፉን ወደ ኒውትራል (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) እና ወደ መሬት ያሳልፈዋል። በተመታ ቁጥር ደግሞ አቅሙ እያለቀ ይሄዳል። በደህናው ዕቃ ላይ የመብራቷ ሥራ ቫሪስተሩ በሕይወት መኖሩን መንገር ነው። የኔዋ ግን በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተያያዘች ናት። ኮረንቲ እስካለ ድረስ ትበራለች፣ በቃ።

ይዤው ወደ ሻጩ ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ እሱንም አስመጪው አታሎት ይሆናል ብዬ ነበር። የተፈታውን ዕቃ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ «እስቲ ተመልከተው፣ ውስጡ እኮ ባዶ ነው» አልኩት። አልተመለከተውም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያሳዩት ቢያንስ ጎንበስ ብሎ ያያል። እሱ ስልኩን እየነካካ «ከፍተሽዋል፣ ዋስትና የለውም» አለ። ምንም አልገረመውም። ባዶ መሆኑን ሲሸጥልኝም ያውቅ ነበር ማለት ነው! አንጀቴ ያረረው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሬ መቃጠሉን ስነግረው አጠገቡ የቆመው ረዳቱ ሳቀ። «ታዲያ መብራቱን የለቀቅነው እኛ ነን?» አለኝ። ደረሰኙን አውጥቼ ጀርባውን ሳሳየው ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ይህ የኔ ጽሕፈት አይደለም» አለ።

በዚህ መሃል የላፕቶፕ ቦርሳ ያነገተ ወጣት ገባ። የሻጩ ፊት ባንዴ ተፈታ። ከዚያው ካርቶን አንዱን አወጣ፣ ሰካው፣ አረንጓዴዋ በራች። «አየህ ወንድሜ? ይህቺ እስከበራች ድረስ...» የኔ የተፈታው ዕቃ በመሃላቸው ተቀምጧል! «ወንድሜ አትግዛ፣ ውስጡን እየው» ስል ረዳቱ ክንዴን ያዘና «እትዬ፣ ሥራ አታስፈቱን» ብሎ ወደ ደጅ ገፋኝ። ዕቃዬን አፈፍ አድርጌ ወጣሁ። ያ ወጣት፣ ይህን ካነበብከው እባክህ ኮምፒውተርህን ከዚያ ነገር ላይ ንቀል።

ኮምፒውተሩ ላይ የሰው ልፋት ነበረ። ጽሑፋቸውን የሚያቀርቡበት ቀን የደረሰባቸው ተማሪዎች አሉ። ስልኬ በጠራ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

ስለ ዕቃው ባጭሩ፦ ስንት ጁል (ድንገት የሚመጣውን ጉልበት የመቻል አቅሙ ልክ) እንደሚችል ያልተጻፈበትን አትግዙ፣ የተጻፈበትንም ከምታውቁት ሰው ግዙ። ስታብላይዘር ቀስ እያለ የሚወጣና የሚወርድ ቮልት ያስተካክላል እንጂ ለድንገተኛው አይደርስም። ኒውትራል ሲበጠስ ደግሞ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ቤት ሊገባ ይችላል፣ ያን ቫሪስተር ብቻውን አይችለውም። ቮልት ከልኩ ሲያልፍ ራሱ የሚያጠፋ ዕቃ ያስፈልጋል። ምንም የሌላችሁ፣ መብራት እንደሄደ ሶኬቱን ንቀሉ፣ መጥቶ እስኪረጋጋም አትሰኩ።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በገዛው ዕቃ ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኙም ዕቃውም እጄ ላይ ነው፣ ሰኞ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመለክታለሁ። ይህን ዓይነት የገዛችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁን አትጣሉት፣ አብረን እናመልክት።