ስምንት ወር ከአውቶማቲክ ሰዓቴ ጋር፦ ስምንቱ ደቂቃ የት ሄዱ?

ጥር ላይ በዚህ ሰዓት የተነሣ ሠላሳ ስምንት ተማሪዎችን በደልሁ። ግምገማዬን ከዚያ እጀምራለሁ፤ ስለ መስታወቱ ጥንካሬና ስለ ማሰሪያው ምቾት የሚባለው ሁሉ ከዚህ ጉዳይ አጠገብ ኢምንት ነው።

ደሴ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና ልክ 3 ሰዓት ላይ አደልሁ፤ እጄ ላይ 5 ሰዓት ሲሞላ «በቃ፣ እስክሪብቶ አስቀምጡ» አልሁ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ «መምህር፣ ደወሉ እኮ አልተደወለም» አለችኝ። ሰዓቴን አሳየኋት። ወረቀቱን ሰብስቤ ስወጣ የጎረቤት ክፍል ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ገና ስምንት ደቂቃ ይቀር ነበር። ሮጬ ተመለስሁና ወረቀቱን መልሼ ሰጠኋቸው፤ የተቋረጠ ሐሳባቸውን ግን ልመልስላቸው አልቻልሁም። እውነቱን ለተናገረች ልጅ የተሳሳተ ሰዓት በማስረጃነት ማሳየቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰዓቱን የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። ጃፓን ሠራሽ አውቶማቲክ ነው፤ ባትሪ የለውም፤ በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል፤ አውልቀው ቢያስቀምጡት 40 ሰዓት ያህል ይሠራል። ሻጩ «ይህ ሰከንድ አይስትም» ብሎ ምሎ ሸጠልኝ። ወንድሜ፣ ለምን ማልህ? ሳጥኑ ውስጥ ባለው መመሪያ ላይ አምራቹ ራሱ በቀን እስከ 40 ሰከንድ ሊቀድም፣ እስከ 20 ሰከንድ ሊዘገይ እንደሚችል ጽፎታል። በስዊዘርላንድ 15 ቀን ሙሉ በአምስት አቀማመጥና በሦስት የሙቀት ደረጃ ተፈትኖ ክሮኖሜትር የሚል ማረጋገጫ የሚያገኘው ውድ ሰዓት እንኳ የሚፈቀድለት በአማካይ በቀን ከ4 ሰከንድ መዘግየት እስከ 6 ሰከንድ መቅደም ነው። ይህን ብትነግረኝ ኖሮ እገዛህ ነበር፤ እምነቴም አብሮ ይቆይ ነበር።

በሰዓት አራት ደቂቃ መቅደም ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ባልደረቦቼ «ሐረጎን እየወረድህ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስለምትመላለስ ነው» አሉኝ። አልተቀበልሁም። ሙቀት የሰዓት ስፕሪንግን የሚያስቸግረው ድሮ ነበር። ሻርል ኤድዋር ጊዮም የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ለሙቀት የማይበገሩ የብረትና የኒኬል ቅይጦችን በመሥራቱ በ1920 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል፤ የዛሬ ሰዓቶች ስፕሪንግ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድሁት። ክዳኑን እንኳ አልከፈቱም። ከመሳቢያቸው ትንሽ ኮምፓስ አውጥተው ሰዓቱን አስጠጉት፤ መርፌው ሰሜንን ትቶ ወደ ሰዓቴ ዞረ። «አብሽር መምህር፣ አልተበላሸም። ማግኔት ይዞት ነው። ሌሊት የት ታሳድረዋለህ?» አሉኝ። ስልኬ ላይ ነበር የማሳድረው፤ የስልኩ የቆዳ ሽፋን ደግሞ የሚዘጋው በማግኔት ነው።

ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ። ሰዓቱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ጥምዝምዝ ስፕሪንግ አለ። ትንሿን መንኮራኩር ወዲያና ወዲህ የሚያመላልሳት እሱ ነው፤ የእኔው ሰዓት በአንድ ሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል። ማግኔት ሲይዘው ጥምዞቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ የሚሠራው ርዝመት ያጥራል፤ ያጠረ ስፕሪንግ ደግሞ ይፈጥናል። ሰዓት ሠሪው ጥቅል ሽቦ ባለበት የኤሌክትሪክ ሳጥን ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ወደ ላይ አነሡት። ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ አለቀ። የጠየቁኝ ገንዘብ ከሻይ ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዤ በየማለዳው ከስልኬ ጋር አስተያየዋለሁ። በቀን 9 ሰከንድ ይቀድማል፤ ዛሬም 9፣ ነገም 9 ወይም 10። ቀኑ 86,400 ሰከንድ ነው፤ ስሕተቱ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ገደማ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ልቤ ተመለሰ። ደስ ያሰኘኝ ሌላም አለ፦ መልኩ ወደ ላይ ሆኖ በጀርባው ሲያድር ይቀድማል፤ በጎኑ፣ መሙያው ወደ ላይ ሆኖ ሲያድር ይዘገያል። ሌላው ሰዓት የራሱ ጠባይ ይኖረዋል፤ የእኔው ይህ ነው። እናም ሲቀድም በጎኑ አስተኛዋለሁ፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ልዩነታችን ከ15 ሰከንድ አይበልጥም።

(በሐበሻ ሰዓት ስለሞላሁት ገጹ ላይ የሚታየው የቀን ቁጥር ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ይቀየራል። የእኛ ወር 30 ስለሆነ በየወሩ 31ን ማሳለፍ፣ ጳጉሜን ሲያበቃም እንደገና ወደ 1 ማምጣት ያስፈልጋል። አይከብድም።)

«ስልክ እያለ ምን አደረገልህ?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። ሴይኮ በ1969 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የባትሪ ሰዓት በልክነት እንደሚበልጥ አውቃለሁ፤ በዚያ አልከራከርም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ደሴ መብራት ባጣችባቸው ሳምንታት ስልኬ ጠፍቶ ቀኑን የምለየው በአዛንና በቤተ ክርስቲያን ደወል ነበር። ያኔ ነው ክንዴ እስከተንቀሳቀሰ የማይቆም ሰዓት ለመግዛት የወሰንሁት። አሁንም ብጠየቅ እገዛዋለሁ፤ ሻጩን ግን ሌላ እመርጣለሁ።

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሰኔ ላይ ነው። ሰዓቱ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ በጎኑ ያድራል፤ ስልኩ ሌላ ክፍል። ፈተናው ሲጀመር ሰዓቱን ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ ወረቀት የምሰበስበው ደግሞ ደወሉ ሲደወል ነው።