የፍራንቻይዝ ውል ከመፈረማችሁ በፊት፦ ሮያሊቲ የሚቆረጠው ከሽያጭ እንጂ ከትርፍ አይደለም

ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ ይዛችሁ በታወቀ ስም የሚሠራ ንግድ ለመክፈት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ፍራንቻይዝ፣ ማለትም የሌላ ድርጅትን ስምና አሠራር እየከፈሉ መነገድ፣ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ለሰጪውም ለተቀባዩም የሚበጁ ውሎች አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ «አስተማማኝ ገቢ» እየተባለ የሚሸጠውና ኪሳራውን ግን በሙሉ በተቀባዩ ላይ የሚጥለው ውል ነው።

ፍራንቻይዝ ሰጪው ድርጅት የንግድ ምልክቱንና የአሠራር መመሪያውን ለተወሰነ ዘመን እንድትጠቀሙበት ይፈቅድላችኋል እንጂ ምልክቱን የእናንተ አያደርገውም። ለዚህ ፈቃድ መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማይመለስ የመግቢያ ክፍያ ይቀበላል፤ ከዚያም ውሉ እስኪያበቃ ድረስ ሮያሊቲ (በስሙ ለመጠቀም በየጊዜው የሚከፈል ድርሻ) እና የማስታወቂያ መዋጮ ይሰበስባል። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሮያሊቲው በአብዛኞቹ ውሎች የሚሰላው ከጠቅላላ ሽያጭ ነው። ለምሳሌ የዓመት ሽያጫችሁ 1,000,000 ነው እንበል። ለዕቃ፣ ለደመወዝ፣ ለኪራይና ለሌላው ሁሉ 900,000 ካወጣችሁ 100,000 ይተርፋል። ሮያሊቲው 6 በመቶ፣ የማስታወቂያ መዋጮው 2 በመቶ ቢሆን 80,000 ይሄዳል፤ ለእናንተ የሚቀረው 20,000 ብቻ ነው፤ የባንክ ብድር ካለባችሁ እሱም የሚከፈለው ከዚሁ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሽያጩ ሳይቀንስ ወጪያችሁ በ3 በመቶ ብቻ ቢጨምር እናንተ 7,000 ትከስራላችሁ፤ ሰጪው ግን 60,000 ሮያሊቲውን አንድም ሳይጎድል ይወስዳል። ስለዚህ «የእናንተ ስኬት የእኛ ስኬት ነው» ሲሏችሁ ይህንን ስሌት አስታውሱ።

ውሉ ዕቃን ከሰጪው ወይም እሱ ከፈቀደው አቅራቢ ብቻ እንድትገዙ ሊያስገድድም ይችላል። ዋጋው ከገበያው በላይ ከሆነ፣ ወይም አቅራቢው ለሰጪው ኮሚሽን የሚከፍል ከሆነ፣ ይህ በሮያሊቲ ስም ያልተጠራ ሁለተኛ ሮያሊቲ ነው። የሥራ ክልልን በተመለከተም «ጥበቃ» የሚለው ቃል መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ድርጅቱ በዚያው ክልል ውስጥ በኢንተርኔት ወይም በሌላ መንገድ እንዳይሸጥ መከልከሉ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ስለ ገቢ በቃል የሚነገራችሁን ቁጥር አትመኑ፤ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ መሠረት ሰጪው 23 ርዕሶች ያሉት የመግለጫ ሰነድ፣ ተቀባዩ ከመፈረሙ ወይም ከመክፈሉ ቢያንስ 14 ቀናት በፊት እንዲሰጥ ይገደዳል፤ ስለ ገቢ የሚናገር ከሆነም ምክንያታዊ መሠረት እንዲኖረውና በሰነዱ ውስጥ እንዲሰፍር ይጠበቅበታል። በሰነዱ ውስጥ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው በቅርቡ ከሥራው የወጡ ተቀባዮች ዝርዝር ነው። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም ይህንኑ ዝርዝር መጠየቅ የሚከለክላችሁ የለም። ድርጅቱ መርጦ ከሚያገናኛችሁ ባለቤት ይልቅ ትቶ የወጣውን ፈልጉና መነሻ ካፒታሉ በእርግጥ ስንት እንደ ሆነ፣ ለራሱ ደመወዝ መክፈል የጀመረው ከስንት ወር በኋላ እንደ ሆነ፣ ሲወጣም ምን እንደ ተጠየቀ ጠይቁት።

የመውጫው ነገር ብዙ ሰው የማያነበው ክፍል ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ብታቋቁሙም፣ የግል ዋስትና ከፈረማችሁ ዕዳው እስከ ቤታችሁ ሊከተላችሁ ይችላል። ንግዱ ቢዘጋ እንኳ የቀሪው ዘመን ኪራይ፣ አንዳንዴም የቀሪው ዘመን ሮያሊቲ ሊጠየቅ ይችላል፤ በዚያ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ተመሳሳይ ሥራ እንዳትሠሩ የሚከለክል አንቀጽ ይጨመርበታል። ንግዱን ለሌላ ሰው ለመሸጥ ብትፈልጉም የሰጪው ፈቃድ ያስፈልጋል።

እነዚህን አንቀጾች የሰጪው ድርጅት ሠራተኛ ሳይሆን እናንተ የከፈላችሁት ጠበቃ፣ ስሌቱንም እናንተ የመረጣችሁት የሒሳብ ባለሙያ ይመልከተው። «ቦታው ዛሬ ካልተያዘ ለሌላ ይሰጣል» የሚላችሁ፣ ወይም የውሉን ረቂቅ ወስዳችሁ እንድታስመረምሩ የማይፈቅድ ድርጅት ቢያጋጥማችሁ ቀብድ አትክፈሉ፤ የተከፈለ ካለም ደረሰኙንና የተላላካችሁትን መልእክት ሁሉ ይዛችሁ ሳትዘገዩ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።