ብቅ ጥልቅ የሚለው የፊት መብራት ሲታመም፦ ማሳደስ፣ ያገለገለ መግዛት፣ አዲስ ማስመጣት ወይስ ከፍቶ መተው?

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከፒያሳ ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና እየወረድኩ ዝናቡ መጣ። መብራት ሳበራ ቀኙ ብቅ አለ፤ ግራው እኩል መንገድ ላይ ቀረ። መኪናዬ የ1990 ስሪት ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፤ የፊት መብራቶቿ ሲጠፉ ኮፈኑ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ሲበሩ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ብቅ ያደርጋቸዋል፤ ከፊት ለሚያያት አንድ ዓይኗን ጨፍና የምትጠቅስ ትመስል ነበር። አንድ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አንቺ፣ ማንን ነው የምትጠቅሺው?» አላት። እሱ ሳቀ፣ ተሳፋሪው ሳቀ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ግን አልሳቀም።

ከዚያ ማታ ወዲህ ሰው የመከረኝን ሁሉ ሞከርኩ፤ አሳደስኩ፣ ያገለገለ ገዛሁ፣ ከውጭ አስመጣሁ፣ ከፍቼም ነዳሁ። የሁለት ጓደኞቼ መኪኖች፣ አንድ ፖርሽ 944 እና አንድ የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ኤምአር2፣ ሲሠሩም አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። አራቱን መንገዶች ጎን ለጎን የማስቀምጠው ከዚህ ልምድ ተነስቼ ነው። ሚዛኔ ወደ ማሳደስ እንደሚያደላ ከወዲሁ እወቁልኝ።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሬው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ ዛሬ የሰማችሁት ዋጋ ለከርሞ አይሆንም። የቱ ከየቱ እንደሚረክስ ብቻ ነው የምናገረው።

ሞተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት

ጋራዥ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት ቃል «ሞተሩ ሞቷል» ነው። ካየኋቸው ሦስት መኪኖች በአንዱም ላይ ሞተሩ አልተቃጠለም ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና ጆሯችሁን ስጡት።

ባለ ሁለት ሞተር መኪና ላይ ሁለቱም መብራቶች ድምፅ እንኳ ካላሰሙ ፊውዝ፣ ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው ትንሽ ሳጥን) ወይም ማብሪያው ነው፤ ሁለት ሞተር በአንድ ቀን አይሞትም። ሞተሩ እየጮኸ መብራቱ ካልተነቃነቀ ውስጡ ያለው ጥርስ ተበልቷል፣ ቡሹ (መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው ቀለበት) ተፈርፍሯል፣ ወይም ክንዱን የያዘው ዳዶ ላልቷል። መብራቱ ሳያቆም ከወጣና ከወረደ ወይም እንደኔዋ መሀል ላይ ከቀረ፣ ሞተሩ የት መቆም እንዳለበት የሚነግረው የመዳብ ቀለበት ቆሽሿል ብላችሁ ጠርጥሩ።

የመኪናው ዓይነት ራሱ ይናገራል። ኤምኤክስ-5 እና ኤምአር2 ለየመብራታቸው አንድ አንድ ሞተር አላቸው። ስለዚህ አንዱ ቢታመም ጤነኛው ለማመሳከሪያ እዚያው አለላችሁ። ፖርሽ 944 ግን ባለ አንድ ሞተር ነው፤ ሁለቱን መብራቶች በመሀል ባለ ዘንግ አንድ ላይ ያነሳቸዋል። በ944 ላይ አንዱ ወጥቶ ሌላው ከቀረ ሞተሩን መፍታት ትርፉ ድካም ነው፤ ጥፋቱ ከመገጣጠሚያው ነው። የጓደኛዬ ከዘንጉ ጫፍ ያለው የፕላስቲክ ቡሽ ተሰባብሮ ነበር፤ ለዚያ ግን ሙሉ ሞተር ሊያስመጣ ገንዘብ ልኮ ነበር።

ቴስተር ያለው ሰው ሌላም ነገር ይለካ። መብራቱ በሚነሳበት ቅጽበት ሞተሩ ሶኬት ላይ ከ11 ቮልት በታች ካሳየ ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ከሞተሩ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር ከሚታሰረው ሽቦ) እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ሲለካ ከግማሽ ቮልት በላይ ከወጣ የማሳው ቡሎን ዝጓል ማለት ነው። የኔ እንደዚያ ነበር፤ ሁለት ክረምት ውሃ የጠጣ ቡሎን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እጃችሁን ከመብራቱ ሥር ከማስገባታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ሞተሩ ትንሽ ቢመስልም ጣት ይሰብራል።

የራስን ሞተር ማሳደስ

የኔን ያሳደሱልኝ ጋሼ ድሮ ፒያሳ ነበሩ። በ2016 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ወደ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሄደዋል፤ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ሞቷል አሉኝ» አልኳቸው።

«ሳይከፍቱት?» አሉና ፈትተው እጄ ላይ አኖሩት። «የተቃጠለ ሞተር ይሸታል ልጄ። እስቲ አሽትተው።»

አሸተትኩት። የከረመ ግራሶ እንጂ የተቃጠለ ሽቦ አልሸተተኝም። ክዳኑን በካቻቢቴ ሲከፍቱት ግራሶው ድስት ሥር እንደያዘ ሽሮ ቡኒ ሆኖ ደርቋል። የመዳብ ቀለበቱ ላይ ጥቁር መስመር ተስሏል፤ ሞተሩ ቁም የሚባልበት ቦታ ላይ መስመሩ ወፍሯል። ብረት ብረቱን በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጠቡት፤ ፕላስቲኩን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠረጉት። ቀለበቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ ዳበስ አደረጉና ተዉት። ጥርሱን አዲስ ነጭ ግራሶ ቀቡት፤ ቀለበቱን ግን እንዲያ አላጠገቡትም። ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን ገና ግማሹ አለ። ማሳውን አጽድተው አሠሩ። ለአራቱ ሻይ ሳይደርስ መብራቷ ብድግ አለች።

የማሳደስ ጥቅሙ ርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ሞተሩ የራሷ የመኪናዋ ነው፤ ልኩ፣ ሶኬቱ፣ መቆሚያው ያው ነው። ካርቦን ቢያልቅ ከሌላ ሞተር የወጣ ተሞርዶ ይገባል። ሽቦው ቢቃጠል እንኳ ስታርተርና ዲናሞ የሚጠመጥሙ ሰዎች አሉ። ቡሽ ከፈለጋችሁ ቶርኖ ቤት ከናይሎን ወይም ከነሐስ ያወጣላችኋል፤ የ944ቱ ባለቤት በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ያስመጣው ሞተር ዛሬም ካርቶኑ ውስጥ ነው።

የማይሆነው ጥርሱ ነው። የነዚህ ሞተሮች ጥርስ ዘንበል ብሎ የተቆረጠ ነው፤ አንግሉ በትንሽ ከሳተ ይጮኻል፣ ከዚያ ይበላዋል። የኤምአር2ዋን አንድ ጎበዝ ቶርነኛ በነሐስ ሞክሮላት ነበር። ሠራ፤ ግን መብራቷ ስትነሳ ቡና የሚፈጭ ሰው ኮፈን ውስጥ ያለ ይመስላል።

ያገለገለ መግዛት

ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የማይገኝ የመኪና ዕቃ ጥቂት ነው፤ የኮሮላ፣ የቪትዝ ወይም የሃይሉክስ ከሆነ። የብቅ ጥልቅ መብራት ሞተር ግን ሞልቶ የሚተርፍ አይደለም። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በሁለተኛው አንድ ሱቅ «እሱው ነው» ብሎ የሸጠልኝን ቤት ወስጄ ስፈታው የበር መስኮት የሚያወርድ ሞተር ሆኖ ተገኘ። ልመልስ ብል ሻጩ ማሸጊያው ተከፍቷል አለኝ። ማሸጊያው ጋዜጣ ነበር።

ተሳክቶላችሁ ትክክለኛውን ብታገኙም፣ ያ ሞተር ከናንተው ጋር እኩያ ነው፤ በዚያው ፋብሪካ በዚያው ዘመን የተሞላ ግራሶ እሱም ውስጥ ደርቋል። ገዝታችሁ መልሳችሁ ልታሳድሱት ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ የምመክረው የናንተ ሞተር አካሉ ለተሰበረ ወይም ጨርሶ ለጠፋ ብቻ ነው። ለመለዋወጫ ብሎ ሁለተኛ መኪና ማስገባት የሚባለው ዘዴም በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል አብሮ ቀርቷል።

ከሶማሌ ተራ በድፍረት የምትገዙት ሌላ ነገር ነው፦ ሪሌ፣ ፊውዝ፣ ሶኬትና የመብራት መስታወት። ሪሌው ተራው ባለ አራት ወይም ባለ አምስት እግር ከሆነ በየሱቁ አለ፤ ልዩ ከሆነ ግን ጤነኛ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትጣሉት። መስታወቱ ደግሞ ያስደስታል። የኤምኤክስ-5 እና የ944 መብራት ክብ ባለ 7 ኢንች ነው፤ የድሮ ላንድ ክሩዘርና ላንድ ሮቨር መጠን። ይህ ከተማ ያንን መብራት አያጣም። ስትገዙ ከኋላው ያለውን ጥልቀት ለኩ፤ ጀርባው የረዘመ ከሆነ መብራቱ አይዘጋም። ከበድ ያለ ኤልኢዲ ማስገባት ደግሞ ሞተሩን በየቀኑ ድንጋይ ማሸከም ነው።

ከጃፓን ወይም ከእንግሊዝ የመጣ መስታወት ካጋጠማችሁ ይለፋችሁ። እዚያ በግራ ስለሚነዳ አጭር መብራቱ ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ እኛ ዘንድ ያ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ነው የሚወጋው።

አዲስ ማስመጣት

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ያዙ፦ ሙሉ ሞተር ማስመጣት ሌላ፣ የውስጥ ዕቃውን ማስመጣት ሌላ። ሙሉ ሞተር ከአራቱ መንገዶች ሁሉ ውዱ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ሰው ሻንጣው ውስጥ አይዝላችሁም፣ በፖስታ ከመጣ ጉምሩክ አለ። ጥርስ፣ ቡሽና ላስቲክ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል መልሱ ይኸው ነው።

ይህ በተለይ ለኮርቬት፣ ለአሜሪካው ስፖርት መኪና፣ ባለቤቶች ይሠራል። ከ1997 እስከ 2004 የተሠራው ሲ5 ኮርቬት ሞተሩ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ በመበላት የታወቀ ነው፤ በምትኩ የነሐስ ጥርስ ይሸጣል። ግዙት፤ ግን ከመግጠማችሁ በፊት መገጣጠሚያዎቹ በእጅ ሲገፉ ሳይያዙ በቀላሉ መንቀሳቀሳቸውን እዩ። ፕላስቲኩ ቶሎ ተሸንፎ ሌላውን ያድን ነበር፤ ነሐሱ አይሸነፍም፣ የሚሰበረው ከሱ ቀጥሎ ያለው ነው።

የድሮው ሲ3 ኮርቬት፣ ከ1968 እስከ 1982 የተሠራው፣ ነገሩ ለብቻው ነው። መብራቱን የሚያነሳው በሞተር ሳይሆን ኢንጅኑ በሚፈጥረው ቫኩም ነው። ቫኩም ደግሞ የሚገፋው የውጭ አየር ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለምትገኝ አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው ጉልበት ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ አለው። ምጽዋ ላይ ዘሎ የሚነሳ መብራት አራት ኪሎ ላይ እንደ ሽማግሌ እየተመረኮዘ ቢነሳ አይግረማችሁ። መጀመሪያ የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሩ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃዋል። ያ ካልበቃ፣ ለዚህ መኪና ብቻ፣ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ዕቃ ማስመጣት የገንዘቡ ዋጋ አለው እላለሁ።

ከፍቶ መተው

ቀላሉ። አብዛኞቹ ሞተሮች ከጎማ ክዳን ሥር በእጅ የሚዞር ቁልፍ አላቸው። የማንሻውን ፊውዝ አውጥታችሁ፣ ቁልፉን አዙራችሁ መብራቱን እስከ መጨረሻው ታወጡታላችሁ፤ አለቀ። ምንም አትከፍሉም። ለቦሎ ምርመራ የቀረብኩት እንደዚህ ከፍቼ ነው፣ አልፋለች። በፊውዝ ፈንታ ላሜራ የሚበይዱ አሉ፤ ያንን አታድርጉ፣ የመመለሻ መንገድ ይዘጋባችኋል።

ችግሩ በጋና ክረምት ነው። ተከፍቶ ሲውል ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል፤ በጋ አቧራውን፣ ክረምት ውሃውን ይጠጣል፤ ያ ውሃ የሚወርደው ደግሞ ገና ያልታመመው ሞተር ላይ ነው። ለሁለት ሦስት ወር፣ ዕቃ እስኪመጣ፣ ይሁን።

ገና ለመግዛት የምታዩ ከሆነ

መኪናውን በቀን ሳይሆን አመሻሽ ላይ እዩ። ኢንጅኑን አጥፍታችሁ መብራቱን አሥር ጊዜ አስወጡ፣ አስወርዱ፤ አንደኛውና አሥረኛው ላይ ፍጥነቱ እኩል ይሁን። ግራና ቀኙ በእኩል ካልተነሱ ከላይ የነገርኳችሁን ማሳ አስለኩ። ኮፈኑን ከፍታችሁ የእጅ ቁልፉ ላይ ያለው የጎማ ክዳን መኖሩን እዩ፤ ክዳኑ ከሌለ ውሃ ገብቷል። ቁልፉ በጣት ካልዞረ ግራሶው ደርቋል፣ ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ አትፍሩት። በነፃ ከዞረና መብራቱ ካልተነቃነቀ ጥርስ የለም፤ ይህን ፍሩት።

ስትደርሱ መብራቱ ቀድሞ ተከፍቶ ካገኛችሁትና ባለቤቱ «ሁሌም እንዲህ ነው የምነዳት፣ ታምርባታለች» ካላችሁ፣ ከዋጋው ላይ የሁለት ሞተር ሒሳብ ቀንሱ። እዚያው ዘግቶ ካሳያችሁ መልሱለት።